ከቡፌው የወረደ ውስኪ

ብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው መስታወት ጀርባ፣ በሰርግ ፎቶውና ማንም ጠጥቶባቸው በማያውቀው ባለእግር ብርጭቆዎች መሀል፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ አንድ ውስኪ አለ። ብላክ ሌብል ይሆናል፣ ቺቫስ ይሆናል፣ ቤቱ ውጭ አገር ዘመድ የበዛለት ከሆነ ደግሞ ጎልድ። ከዱባይ ወይ ከዲሲ የመጣ ሰው ነው ዲውቲ ፍሪ ገብቶ የገዛው። ለማን ነው የተቀመጠው ብትሉ «ለእንግዳ» ይሏችኋል። እንግዳው ይመጣል፣ ቢራውን ይጠጣል፣ ውስኪውን በመስታወት አይቶት ይሄዳል።

እኛም ቤት ጎልድ አለ። ባለቤቴ «ለልጃችን ሽምግልና ይቆይ» ይላል። ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ናት።

«ቢቆይ ምን አለበት፣ ውስኪ ሲቆይ እኮ ነው የሚጥመው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይጥምም። ጠርሙሱ ላይ 12 ዓመት ተብሎ የተጻፈው በርሜል ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው፤ ያውም ብዙ ውስኪ ተቀላቅሎ ከሆነ የሚጻፈው የትንሹ ዕድሜ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜ መቁጠር ያቆማል። ለሚሊኒየሙ በዓል የመጣ የ12 ዓመት ብላክ ዛሬም የ12 ዓመት ብላክ ነው። እንዲያውም ቡፌው መስኮት አጠገብ ከሆነና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ እየተጎዳ ነው። አስተኝተው የሚያስቀምጡትም አሉ፣ ወይን መስሏቸው። ውስኪ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፣ ከተኛ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ደግሞ አንዴ ከተከፈተና ግማሽ በታች ከወረደ፣ የገባው አየር በወራት ውስጥ ጣዕሙን እያደከመው ስለሚሄድ፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው ፋሲካ ብሎ ማስቀመጥም ብዙ አያዋጣም።

ሰዉ የማይከፍተው ስስታም ሆኖ ነው አልልም። ዋጋው ያስፈራል። በ2015 መጀመሪያ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ አልፈቅድም ሲል መጠጥም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ክልከላው ተነሳ፣ ግን በዚያው ሰሞን ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለና ዶላሩ ሽቅብ ወጣ፣ ውስኪውም ተከትሎት ሄደ። እና አሁን ጠርሙሱ ንብረት ሆኗል። ከቤት ቤት ይዞራል። ለልደት የመጣው ለሽምግልና ይሄዳል፣ ለሽምግልና የሄደው ለቤት ምርቃት ይመጣል። ማንም ሳይቀምሰው ግማሽ ከተማ የዞረ ጠርሙስ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

እኔ ግን የምከፍት ሰው ነኝ። ውስኪ እወዳለሁ። እንግዳ ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ የሚሰጠው ለባለቤቴ ነው፣ እሱ የሚወደው ደግሞ ቢራ ነው። ሰው ቤት ስንሄድም «ለወንዶቹ ውስኪ፣ ለሴቶቹ ወይን» ይባልና ማንም ሳይጠይቀኝ ጣፋጭ ቀይ ወይን ፊቴ ይቀመጣል። ወይም ባይሊስ። ባይሊስ ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከአየርላንድ ውስኪና ከክሬም። ማለት ለሴቶቹም ውስኪ ነው የቀረበው፣ ስም ለውጦ።

ለማንኛውም ልጽፍ የፈለግኩት ስለ መክፈቱ ብቻ አይደለም፣ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆነው ነው። እኛ ውስኪን የምናስተናግደው በጠላ ሥርዓት ነው፣ ችግሩም እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ቤት ውስጥ ጠላ እንዴት እንደሚቀርብ አስቡት። ማኅበር ነው፣ ወይ ክርስትና። አሳላፊው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይዞራል። ሁለት ጊዜ ከተጎነጫችሁ ደርሶ ይሞላዋል። ባዶ ብርጭቆ ከታየ የባለቤቱ ስም ይነሳል። «በቃኝ» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም፣ «በሞቴ» ይመጣል፣ እጃችሁን ብርጭቆው ላይ ብትከድኑ እንኳን በጣቶቻችሁ መሀል ሊቀዳ የሚሞክር አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ያደግንበት ነው። ጠላ ደግሞ ይችለዋል። እንደ አጠማመቁ ቢራን የሚያክል ወይም ከቢራ የሚያንስ መጠጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ይጫወቱበታል።

አሁን ይህንኑ ሥርዓት አርባ ከመቶ አልኮል ላይ አምጡት። የውሃ ብርጭቆ ይወጣል። ጋባዡ በዓይኑ ይቀዳል፣ በዓይን የተቀዳ ደግሞ በቀላሉ ደብልና ግማሽ ይሆናል። ጨብሲ ይባላል። እንግዳው አንዴ ፉት ሲል ይሞላለታል። ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቅም፣ ብርጭቆው አንድም ጊዜ ባዶ ሆኖ አላየውማ! እራት ሲቀርብ ግማሹ ሰው ሞቅ ብሎት ፖለቲካ ላይ ነው፣ ግማሹ አንገቱን ደፍቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትሠሪው የዋልሽው ዶሮ ወጥ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ «እንዴት ያለ ግብዣ ነበር!» ይባላል። ምን እንደበሉ ብትጠይቂያቸው አያስታውሱም።

መለኪያ ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ያቺ ሁለት ጫፍ ያላት፣ ቡና ቤት የሚጠቀሙባት የብረት መለኪያ። መጀመሪያ ያወጣኋት ቀን የባለቤቴ ጓደኛ «ሆቴል ቤት አደረግሽው እንዴ?» አለኝ። በሳቅ ነው ያለው፣ ግን ልክ ነው። ሰው ቤት ቁጭ ብሎ በሚሊ ሊትር ሲለካለት ደስ አይለውም። ቀጥሎ ሒሳብ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

መፍትሄው ከዚያ ሁሉ በፊት ቤታችን ነበር። የአረቄ ብርጭቆ።

እኛ እኮ ለጠንካራ መጠጥ የራሳችን ሥርዓት አለን። አረቄ በውሃ ብርጭቆ የሚሰጥ ቤት የለም። በትንሿ ብርጭቆ፣ እስከ አፏ ሞልታ ትመጣለች። ሰውየው አንዴ ይቀምሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ቆሎውን ይዘግናል፣ ወሬውን ያወራል። አንድ ሰዓት ትቆየዋለች። ሁለተኛ ከተባለ በሥነ ሥርዓት ተጠይቆ ነው። ማንም እየተከታተለ አይሞላትም፣ ምክንያቱም አረቄ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ ውስኪ ስከፍት የማቀርበው በእነዚያ ነው። ብርጭቆዋ ሙሉ ናት፣ የቤቱ ስም አይነሳም፣ ውስጧ ያለው ግን ከአንድ ሲንግል ብዙም አይበልጥም። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ30 ሚሊ መለኪያ 25 ጊዜ ይቀዳል። የዲውቲ ፍሪው የአንድ ሊትር ከሆነ 33። ይሄ ለስምንት ሰው ከበቂ በላይ ነው፣ በውሃ ብርጭቆ ግን እራት ሳይደርስ ያልቅና «ሌላ የለም?» ይመጣል። ውስኪ የሚያውቁ ሰዎች ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው ለሽታው የሚሻለው ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ለብቻዬ ወይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስሆን በዚያ ነው የምጠጣው። ለእንግዳ ግን ትንሿ።

ደግሞ ዝምድናውን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ውስኪም አረቄም ከእህል የሚወጡ መጠጦች ናቸው። ሲንግል ሞልት የሚሉት ከአንድ ማምረቻ የወጣ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ ነው። ገብሱን አርጥበው ያበቅሉታል፣ ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ ያብላሉታል፣ ከዚያ እሳት ላይ አድርገው እንፋሎቱን ይይዛሉ። እኛ ጌሾ እንጨምርበታለን፣ ድፍድፉን በጋን ወይ በበርሜል አድርገን እንፋሎቱን በመቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ማሰሮ እንልካለን። እነሱ ትልቅ የመዳብ ጋን አላቸው። ስኮትላንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ያወጡታል፣ ማለትም ዳግም ነው። አየርላንዶች ብዙዎቹ ሦስቴ። ሲወጣ ደግሞ ልክ እንደ አረቄ ነጭ ነው። ቀለሙን የሚያገኘው ከኦክ እንጨት በርሜል ነው፤ የስኮትላንድ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት እዚያ ውስጥ ካልቆየ ውስኪ ብላችሁ አትሽጡት ይላል። የስኮች ቀለም እንዲመሳሰል ብለው ትንሽ የተቃጠለ ስኳር ጠብ ማድረግም ይፈቀድላቸዋል፣ ስለዚህ «ጠቆር ያለው ይበልጣል» የምትሉ ሰዎች አትቸኩሉ።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ መጽሐፍ ቢሆንም በደንብ የገባኝ ግን የባለቤቴ አክስት የመጡ ቀን ነው። ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፣ ጠላም አረቄም ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ላፍሮይግ የሚባል፣ አይላ ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት የሚመጣ ውስኪ ትቶልን ሄዶ ነበር። ይሄ ጢስ ጢስ የሚለው ዓይነት ነው። ለማያውቀው ሰው ይከብዳል። ከእንግዶቹ አንዱ አሽትቶ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» አለ። ሌላው «ኧረ ይሄ መድኃኒት ነው» ብሎ ወደ ቢራው ተመለሰ። አክስታችን ብርጭቆዋን ተቀበሉኝ፣ አፍንጫቸው ሥር ያዟት፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና

«ጋኑን በምንድን ነው ያጠኑት?» አሉ።

ጋኑን ሳይሆን ብቅሉን ነው እትዬ፣ አልኳቸው። ረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተኝቶ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ቆፍረው ያወጣሉ፣ እንደ ጡብ ቆርጠው ያደርቁታል፣ ብቅሉን ሲያደርቁ እሱን ያነዱበታል፣ ጢሱ እህሉ ውስጥ ይገባል።

«እንጨት የላቸውም እንዴ?»

ደሴት ነው፣ ነፋስ ነው፣ ዛፉ ብዙም አይደለም፣ አልኩ።

«እኛም እንጨት አጥተን ኩበት አንድደናል» አሉ፣ «ግን ጠላ በኩበት አናጥንም።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ቀልድም አላሰቡ። ቀመሱት። ዝም አሉ። «ዳግም ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። «ያስታውቃል» ብለው ብርጭቆዋን አጠገባቸው አስቀመጡና ቆሎውን ወደሳቸው ሳቡ። እስከ ቡናው ድረስ ያቺኑ አንድ ብርጭቆ ነው የጠጡት፣ ከሁላችንም ደግሞ ውስኪው የገባቸው እሳቸው ነበሩ።

ስለ አምቦ ውሃና ስለ ኮካ መጻፍ ነበረብኝ። ውስኪ በኮካ ሲጠጣ የሚሸማቀቁ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ውጭ ኖረው የመጡ። «ወንጀል ነው» ይላሉ። ተዉዋቸው። እንግዳው በኮካ ከፈለገ በኮካ ይጠጣ፣ ሬድ ሌብል ለዚያ ይሆናል። እኔ የምለው ጥሩውን ጠርሙስ መጀመሪያ አንዴ ደረቁን ቀምሶት ይወስን ነው። የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ ጥቂት ጠብታ ተራ ውሃ ይጨምርበት፤ ውሃ ሲገባ ማቃጠሉ ይቀንሳል፣ ተደብቆ የነበረው ሽታም ይወጣል። በረዶ ግን በተቃራኒው ሽታውን ያስተኛዋል። ሙቀት ላይ ለሚኖር፣ አዳማ ወይ ድሬ ላለ ሰው፣ በረዶ አትጨምር አልልም።

አምቦ ለኔ የብላክ ምርጥ ጓደኛ ነው። ጃፓኖች ውስኪ በሶዳና በብዙ በረዶ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ይጠጣሉ፣ ከምግብ ጋር፣ እንደ ቢራ። የኛ አምቦ ደግሞ ከሶዳ የሚለየው የራሱ ማዕድን ስላለው ትንሽ ጨው ጨው የሚል ነገር ይዞ ይመጣል። አምቦው በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ውስኪው መጀመሪያ ይቀዳ፣ አምቦው በጎን ቀስ ተብሎ ይፍሰስበት፣ አይማሰል። ለአንድ ውስኪ ሦስት እጥፍ አምቦ። ምሳ ላይ ከጥብስ ጋር የሚጠጣ ነገር ይሆናል። ያ የጢሱ ውስኪ ግን ከአምቦ ጋር አልሆነልኝም፣ ማዕድኑና ጢሱ ተጣሉብኝ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። ቁርጥ በሚጥሚጣ እየበሉ ደረቅ ውስኪ ላዩ ላይ መድፋት ለጀግኖች ነው፣ ሁለቱም ያቃጥላሉ፣ አንዱም አይጣጣምም። ባዶ ሆድ ላይ አታቅርቡ። ከወጡ በኋላ ከቡናው በፊት ያለችው ሰዓት፣ ሰው ጠግቦ ወንበሩ ላይ ዘና ያለባት፣ ለኔ የውስኪ ሰዓት እሷ ናት።

የማይጠጣ እንግዳስ? ሙስሊም ጓደኛ አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ጾም የያዘ አለ፣ መድኃኒት ላይ ያለ አለ፣ እርግዝናዋን ለማንም ያልተናገረች አለች። ለምን አትጠጣም ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ ምን የሚሉት ነው? የማይጠጣው ሰው ሳይፈልግ ሃይማኖቱን፣ ሕመሙን፣ ሆዷን ይፋ እንዲያወጣ ማስገደድ እኮ ነው። እኛ ቤት ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጣል፣ አምቦውም፣ ሎሚውም፣ ለስላሳውም፣ የፈለገ የፈለገውን ያነሳል። «በሞቴ» ለእንጀራ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እሱን በደንብ እንጠቀምበታለን።

መኪና ይዞ የመጣውን ደግሞ ስትጋብዙት ነው የምትጠይቁት፣ ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ አይደለም። ከጠጣ በኋላ ሁሉም ሰው «እኔ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሞልቷል፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ፍትፍት በልቶ ይወስደዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር ስለ አስመሳዩ ነው። ከተማው ውስጥ ጠርሙሱ እውነተኛ ሆኖ ውስጡ ሌላ የሆነ ውስኪ ይሸጣል። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ፣ ክዳኑ ሲከፈት ያቺን የመሰበር ድምፅ ካላሰማ፣ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ስታቆሙ የፈሳሹ ልክ ከተለያየ፣ እንግዳ ፊት አታቅርቡት። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። እኔ አሁን ከማላውቀው ሱቅ መግዛት ትቻለሁ፣ ወይ ከውጭ የመጣ ወይ ደረሰኝ ከሚቆርጥ ትልቅ መደብር ነው።

ጠርሙሱ ሲያልቅም እንዲሁ አይጣል። ሌብሉን ውሃ ውስጥ ነክሬ እልጠዋለሁ፣ ክዳኑን ጨፍልቄ ለብቻው እጥለዋለሁ። ባለፈው አንድ ቆራሌው በር ላይ ቆሞ የውስኪ ጠርሙስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት፣ ሌብሉ የተላጠውን አወጣሁለት። አገላብጦ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «ከነክዳኑ ከነካርቶኑ ከሆነ ጨምሬ እገዛሻለሁ» አለኝ። ካርቶኑ ምን ያደርግልሃል ስለው ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ካርቶኑንም ቀድጄ ነው የምጥለው።